የዓሣ ማጥመጃ ዘንግን ከነመንጠቆውና ከነእርሳሱ ማጓጓዝ፦ ዝርዝር መመሪያ

ዘንግ ይዞ ለመንገድ የሚነሣ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠነቀቀው ለመንጠቆው ነው። መንጠቆ ጣት ይወጋል፣ ልብስ ይቀድዳል፤ ስለዚህ ይታወሳል። የሚረሳው እርሳሱ፣ ማለትም ክሩን ወደ ውሃው የሚያሰምጠው ክብደት ነው። ከክሩ ጫፍ ተንጠልጥሎ የቀረ እርሳስ መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር ዘንጉን ይመታል፤ ምቱ ቀላል ስለሆነና ቁስሉም በቶሎ ስለማይታይ ዘንጉ ጉዳቱን ደብቆ ይቆይና ዓሣ በያዘበት ሰዓት ይሰበራል። ባለቤቱም ዘንጉን የሸጠለትን ነጋዴ ይራገማል።

ይህን የምጽፈው በራሴ ስለደረሰ ነው። አንድ ቅዳሜ ወደ ላንጋኖ ስንሄድ አርባ ግራም የሚሆን እርሳስ ሳልፈታ ዘንጉን የኋላ ወንበር ላይ አጋደምኩት። ከሞጆ እስከ መቂ «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማኝ ነበር፤ የመኪናው መስሎኝ ዝም አልኩ። ስንደርስ ከመያዣው አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ቫርኒሹ ላይ፣ ሽንብራ የማያክሉ አራት ነጫጭ ነጥቦች አየሁ፤ በአውራ ጣቴ አሸት አድርጌ ተውኳቸውና ማጥመዴን ቀጠልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዘንጉን የሰበረችው መዳፍ የምታክል ቆሮሶ ነበረች፤ የተሰበረውም ነጥቦቹ ካሉበት ላይ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ሥራ ለለመደ ሰው አሥር ደቂቃ ያህል ቢፈጅ ነው። ቅደም ተከተሉን ግን አይለውጡ፤ በተለይ እርሳሱ ሳይነሣ መንጠቆውን ለማሰር አይሞክሩ፤ እርሳሱ ካመለጠዎት መንጠቆውን ይዞ የሚወድቀው እጅዎ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ይወስኑ፦ ይፈቱታል ወይስ እንደታሰረ ይወስዱታል?

መንጠቆውም እርሳሱም ከክሩ ተፈትተው ለየብቻ የሚጓዙበት ሁኔታ አለ፤ እርሳሱ ብቻ ተነሥቶ መንጠቆው ዘንጉ ላይ እንዳለ የሚታሰርበት ሁኔታም አለ። እርሳሱ እንደተንጠለጠለ የሚሄድበት ሁኔታ ግን የለም።

በሕዝብ ማመላለሻ የሚሄዱ ከሆነ፣ ዕቃው ከጣሪያ ላይ የሚጫን ከሆነ፣ መኪናው ውስጥ ሕፃን ካለ ወይም መንገዱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ከሆነ ሁሉንም ይፍቱ። በግል መኪና ከአንዱ የሐይቅ ዳር ወደ ሌላው ለሃያ ደቂቃ የሚዛወሩ ከሆነ መንጠቆውን ዘንጉ ላይ ማሰር ይበቃል። ከተጠራጠሩ ይቁረጡት። ለሚቆረጠው አንድ ክንድ ክር የሚሳሳ ሰው የሚገጥመኝ ብዙ ጊዜ ነው፤ ይኸው ሰው ግን ስንት ብር ያወጣበትን ዘንግ ለእርሳስ ምት አጋልጦ ሲሄድ ቅር አይለውም።

አስቀድመው የሚያዘጋጁት

አብዛኛው ከቤት ወይም ከጎሚስታ ቤት የሚገኝ ነው።

ያረጀ የብስክሌት ካላማዳሪ ይፈልጉና በመቀስ ጣት በሚያክል ስፋት ዙሪያውን ቀለበት ቀለበት እያደረጉ ይቁረጡት፤ ለአንድ ዘንግ እስከ አምስት ቀለበት ያስፈልጋል። የገንዘብ ማሰሪያ ላስቲክ በዚህ ቦታ አይተኩ፤ ፀሐይ ሲመታው ደርቆ ይበጠሳል። ወፍራም ስትሮ፣ ጥቂት የወይን ጠርሙስ ቡሾች፣ አፉ ሰፋ ያለና ክዳኑ የሚጠብቅ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የድሮ ካልሲ፣ ናስትሮ፣ መቀስ፣ ጫፉ ቀጭን የሆነ ፒንሳ እና ሽቦ መቁረጥ የሚችል ሌላ ፒንሳ ይያዙ። ሁለተኛው ፒንሳ ለዘንጉ ሳይሆን ለእርስዎ ነው፤ መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከገባ መቁረጫ ማጣት ትልቅ ችግር ነው።

ከቤት ከመውጣትዎ በፊት መንጠቆዎችዎን ይቁጠሩና ቁጥሩን በናስትሮ ቁራጭ ላይ ጽፈው ክዳኑ ላይ ይለጥፉት። ስምንት ከሆኑ «8» ብለው ይጻፉ። ጥቅሙ ሲመለሱ ይታያል።

ደረጃ 1፦ ማባበያውን ያስወግዱ፣ ያድርቁ

ትሉን፣ ሊጡን ወይም የሥጋ ቁራጩን ከመንጠቆው ላይ ሙሉ በሙሉ ያንሡ። መንጠቆ ላይ የቀረ ሊጥ ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር በማግስቱ በጥፍር ለማላቀቅ የሚታገል ሰው ራሱን ይወጋል። ከዚያ መንጠቆውን፣ ዘንጉንና የመጨረሻውን ሁለት ሜትር ክር በንጹሕ ውሃ ባራሱት ጨርቅ ይጥረጉና በደረቅ ጨርቅ ይድገሙት። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ውሃ ሶዳነት ስላለው ሲደርቅ ነጭ ብናኝ ይተዋል፤ ይህ ብናኝ በዘንጉ መጋጠሚያ ውስጥ ሲቀር መጋጠሚያው ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል።

መንጠቆውን ሲጠርጉ ከአገዳው (ክር ከሚታሰርበት ቀጥ ያለ ክፍል) ወደ ጫፉ እንጂ ከጫፉ ወደ አገዳው አይሂዱ፤ በተቃራኒው ከሄዱ ጫፉ ጨርቁን ወግቶ ይይዝና መንጠቆው ወደ ጣትዎ ይዞራል።

ደረጃ 2፦ እርሳሱን ያንሡ

አነሣሡ እንደ እርሳሱ ዓይነት ይለያያል።

በማያያዣ የተንጠለጠለ እርሳስ ከሆነ ማያያዣውን ከፍተው ያውጡት፤ ማያያዣውን መልሰው መዝጋት ግን አይርሱ፤ ክፍት የቀረ ማያያዣ ራሱ እንደ መንጠቆ ሁሉን ነገር ይይዛል።

መሐሉ ተበስቶ ክሩ የሚያልፍበት፣ የወይራ ፍሬ ወይም የእንቁላል ቅርጽ ያለው እርሳስ ከሆነ መንጠቆውን ሳይቆርጡ አይወጣም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሰንፋል። እርሳሱ በክሩ ላይ ወዲያና ወዲህ እየተንሸራተተ የመንጠቆውን ቋጠሮ ስለሚደበድብ፣ ዘንጉ ቢተርፍ እንኳ ቋጠሮው ይዳከማል። ክሩን ከቋጠሮው በላይ ይቁረጡ፣ እርሳሱን ያውጡ፣ መንጠቆውንም ወደ ዕቃው ይክተቱ።

ስንጥቅ ያለውና ክሩ ላይ ተጨፍልቆ የሚያዝ ትንሽ እርሳስ ከሆነ፣ ከአንድ ግራም በታች እስከሆነ ድረስ እንዳለ ሊተውት ይችላሉ። ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ስንጥቁን በፒንሳ ጫፍ ከፈት አድርገው ያላቅቁት። ለመጨፍለቅም ሆነ ለመክፈት በጥርስዎ አይጠቀሙ። አባቶቻችን ሲነክሱት አይተን ያደግን ብንሆንም እርሳስ መርዝ ነው፤ በአፍ የገባው ከሰውነት በቀላሉ አይወጣም። በእንግሊዝ አገር ከ0.06 እስከ 28.35 ግራም የሚመዝን እርሳስ ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ለዓሣ ማጥመጃ እንዳይሸጥ የታገደው የውሃ ወፎች እየዋጡት ይሞቱ ስለነበር ነው። እርሳስ በነኩበት እጅ ዳቦ አይቁረሱ፤ ከምሳ በፊት በሳሙና ይታጠቡ፤ የእርሳሱንም ዕቃ ከስንቅ ጋር በአንድ ቦርሳ አይያዙ።

በእርሳስ ፋንታ ዳዶ ወይም ያረጀ ካንዴላ የሚያስሩ ብዙ ናቸው። ርካሽ ነው፤ ድንጋይ ውስጥ ቢቀርም አያስቆጭም። በመንገድ ላይ ግን ከእርሳስ የባሰ ጎጂ ነው፤ እርሳስ ለስላሳ ማዕድን ስለሆነ ሲመታ ራሱም ጥቂት ይሰረጎዳል፤ የካንዴላ ጥርስ ግን ብረት ስለሆነ ዘንጉን እንደ ሞረድ ይሞርደዋል። ካንዴላ ካለ ያለ ምንም ድርድር ይቁረጡት።

የወጡትን እርሳሶች አንድ ላይ በካልሲ ውስጥ ከተው አንገቱን ይቋጥሩና በፕላስቲክ ዕቃው ውስጥ ያስቀምጡ። ዕቃውን ከወንበር ሥር፣ ከወለሉ ላይ ያድርጉት። ከኋላ መስታወት ሥር ያለው መደርደሪያ ላይ አያስቀምጡት፤ መኪናው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ግማሽ ኪሎ እርሳስ ወደ ፊት የሚወረወረው በሾፌሩ ማጅራት አቅጣጫ ነው።

ችግር ቢገጥም፦ ቋጠሮው ጠብቆ ማያያዣው አልከፈት ካለ በጥፍርዎ አይታገሉ። ክሩን ከማያያዣው በላይ ይቁረጡና ቤት ሲደርሱ ይፍቱት።

ደረጃ 3፦ የመንጠቆውን ጫፍ ይሸፍኑ

ተፈትተው የሚጓዙ መንጠቆዎች ሁለት መንገድ አላቸው። ትናንሾቹን፣ ማለትም ለቆሮሶ የሚሆኑትን ከ6 እስከ 10 ቁጥር ያሉትን፣ ቡሽ ላይ ይሰኳቸው፤ አንድ ቡሽ አራት አምስት መንጠቆ ዙሪያውን ይይዛል። ጫፉን እስከ ጥርሱ (ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ እስከ ወጣችው ሹል) ድረስ ብቻ ያስገቡ፤ ጥርሱ ጠልቆ ከገባ ሲያወጡት ቡሹ ይፈረፈራል፣ ጫፉ በሌላው በኩል ከወጣ ደግሞ መሸፈኑ ከንቱ ነው። ለአምባዛ የሚሆኑትን ትላልቆቹን ቡሽ አይችላቸውም፤ እያንዳንዱን በስትሮ ይሸፍኑ። የመንጠቆ ቁጥር ግራ ስለሚያጋባ አንድ ነገር ያስተውሉ፦ ተራው ቁጥር ሲጨምር መንጠቆው ያንሳል፣ ከዜሮ ጋር የሚጻፈው ግን፣ ለምሳሌ 2/0 እና 5/0፣ ሲጨምር ይተልቃል።

የስትሮው አሠራር እንዲህ ነው። ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቁረጡ። አንደኛውን ጫፍ በጎኑ በኩል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሰንጥቁት። የመንጠቆውን ጫፍ በተሰነጠቀው በኩል ያስገቡና ስትሮውን እስከ እጥፋቱ ድረስ ይግፉት፤ ስንጥቁ እጥፋቱን አቅፎ ይይዘዋል። ሌላኛውን ጫፍ አጥፈው በናስትሮ ይጠቅልሉት። ስትሮው ላልቶ የሚወልቅ ከሆነ መንጠቆው ለስትሮው አንሷል ማለት ስለሆነ ወደ ቡሹ ይመልሱት።

ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ ያለበት ሰው ሠራሽ ማባበያ ከያዙ ሦስቱንም ጫፍ ለየብቻ ለመሸፈን አይድከሙ። ከካላማዳሪው መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ወስደው መንጠቆውን ከሥር ወደ ላይ ይጠቅልሉበትና በናስትሮ ያጥብቁት። ናስትሮውን በቀጥታ መንጠቆው ላይ አይለጥፉ፤ ሙጫው ጫፉ ላይ ይቀራል።

ቡሽ ውሃ ይይዛል። ከጉዞ በኋላ መንጠቆዎቹን ቡሹ ላይ እንደተሰኩ ሳምንት ካቆዩዋቸው የሚያገኙት ዝገት ነው።

ደረጃ 4፦ መንጠቆው በዘንጉ ላይ የሚሄድ ከሆነ የሚያዝበትን ቦታ ይምረጡ

ይህና ቀጣዩ ደረጃ መንጠቆውን ላልፈቱት ብቻ ነው።

ከመያዣው ከፍ ብሎ አንዲት ትንሽ የሽቦ ቀለበት ካለች የተሠራችው መንጠቆውን ለመያዝ ነው፤ እሷን ይጠቀሙ። ብዙዎች ምንነቷን ሳያውቁ ክሩን ያሳልፉባታል። ከመርካቶ የሚገዙት ርካሽ ዘንጎች ብዙዎቹ ይህች ቀለበት የላቸውም። እንዲህ ከሆነ ከመያዣው በላይ አንድ የካላማዳሪ ቀለበት ሁለት ጊዜ አጥፈው ዘንጉ ላይ ያጥልቁና መንጠቆውን በላስቲኩ ሥር፣ ጫፉ ወደ ዘንጉ እንዲዞር አድርገው ያስገቡት፤ በላዩ ላይ ሁለተኛ የካላማዳሪ ቀለበት ይደርቡበት።

መንጠቆውን በሦስት ቦታዎች አይስቀሉ። የመጀመሪያው የክር ማሳለፊያው ቀለበት ውስጠኛ ክፍል ነው፤ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ሴራሚክ ሲሆን መንጠቆው ከጫረው ወይም ከሸረፈው ሸካራው ቦታ ክሩን እየላገ በትልቁ ዓሣ ቀን ይበጥሰዋል። ሌላ አማራጭ ከሌለ ቀለበቱን ከዘንጉ ጋር በሚያያይዘው የብረት እግር ላይ እንጂ በቀለበቱ ላይ አይስቀሉት። ሁለተኛው የቡሽ ወይም የስፖንጅ መያዣው ነው፤ እየተቦደሰ ይሄዳል፣ በዚያ ላይ እጅዎ ሳያስበው የሚጨብጠው እዚያው ላይ ነው። ሦስተኛው በማጠንጠኛው (ብዙዎች «ሪል» በምንለው) ላይ ያለው፣ ክሩ ተጠምዝዞ የሚያልፍበት ትንሽ ተሽከርካሪ ነው። እዚያ ላይ የተጫረች ጭረት በእያንዳንዱ ሜትር ክር ላይ ትታያለች።

ደረጃ 5፦ ክሩን ይሰብስቡ፣ ነገር ግን አይወጥሩ

መንጠቆው ከተያዘ በኋላ የማጠንጠኛውን የሽቦ ቅስት ይዝጉና እጀታውን ቀስ ብለው ያዙሩ። ክሩ መርገቡን ሲያቆም ይቁም። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ሩብ ዙር ነው ዘንግ የሚሰብረው።

የዘንጉን ጫፍ ይመልከቱ። ጥቂት እንኳ ጎበጥ ካለ በጣም ወጥረውታል። ትክክለኛው ውጥረት ክሩን በጣት ሲጫኑት አንድ ጣት ያህል የሚረግብና ሲለቁት ቀጥ የሚል ነው። ጫፉ ጎብጦ የታሰረ ዘንግ በር ሲዘጋበት ወይም ቦርሳ ሲጫንበት የሚቀረው ተጨማሪ መተጣጠፊያ ስለሌለው ወዲያው ይነካል። ጫፉ ቢተርፍ እንኳ ናይለን ክር ፀሐይ በመታው መኪና ውስጥ ተወጥሮ ሲውል ይሳባል።

በመጨረሻ የማጠንጠኛውን ፍሬን ጥቂት ያላሉት። አንድ ሰው ክሩን በእግሩ ቢይዘው ማጠንጠኛው ክር ይለቅቃል እንጂ ዘንጉ አይታጠፍም። ከመወርወርዎ በፊት መልሰው ማጥበቅ እንዳለብዎ ግን አይርሱ፤ እኔ በዚህ ምክንያት ሁለት ጊዜ የመጀመሪያውን ዓሣ ለቅቄአለሁ።

ደረጃ 6፦ ዘንጉን ይበታትኑና ያስሩ

ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ያለው ዘንግ ከሆነ፣ መንጠቆው ከታሰረ ከማላቀቅዎ በፊት ክሩን አንድ ክንድ ያህል ይልቀቁ። ክሩ እንደተወጠረ ቢያላቅቁት ላይኛው ክፍል ተስፈንጥሮ ይወጣል። ክፍሎቹን ጎን ለጎን አድርገው የቀለበቶቹ ፊት ወደ ውጭ እንዲሆን ያስተካክሉ፤ ቀጭኑ ጫፍ ከወፍራሙ እጀታ አልፎ መውጣት የለበትም፤ ካለፈ መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው። በሦስት ቦታ፣ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች፣ በካላማዳሪ ቀለበት ይሰሯቸው። የላላውን ክር ማጠንጠኛው ላይ ይሰብስቡና የተረፈውን በመሐለኛው ላስቲክ ሥር ያስገቡት።

እየተሳበ የሚረዝም ዘንግ ከሆነ የሚዘጉት ከወፍራሙ ክፍል ጀምረው ወደ ቀጭኑ ነው። እያንዳንዱን ክፍል ቀጥ አድርገው በመግፋት ያስገቡ፤ በመዳፍ እየመቱ አያስገቡ። ሲጨርሱ ክዳኑን ያድርጉበት፤ ክዳኑ ከጠፋ የድሮ ካልሲ ጫፍ አልብሰው በናስትሮ ይጠቅልሉት።

መጋጠሚያው አልላቀቅ ቢል፦ በፒንሳ አይንኩት፤ ባዶ ቱቦ ስለሆነ ይሰነጠቃል። ሁለት ሰው ሆኖ መጎተትም ጥሩ አይደለም፤ አንዱ ሳያስበው ያጣምመዋል። ቁጢጥ ይበሉ፤ ዘንጉን ከጉልበትዎ በስተጀርባ አግድም ያድርጉት፤ ከመጋጠሚያው ግራና ቀኝ፣ ከጉልበቶችዎ ውጪ በኩል፣ በሁለት እጅ ጨብጠው ይያዙ፤ ከዚያ ክንድዎን ሳያንቀሳቅሱ ጉልበቶችዎን ወደ ጎን ይክፈቱ። ጉልበቶቹ እጆችዎን ቀጥ ባለ መስመር ስለሚገፉ ዘንጉ ሳይጠመዘዝ ይላቀቃል። ካልሆነ ለጥቂት ደቂቃ በቀዝቃዛ ውሃ በራሰ ጨርቅ መጋጠሚያውን ጠቅልለው ይድገሙት። የክር ቀለበቱን እንደ እጀታ ይዘው አያዙሩ።

ደረጃ 7፦ መያዣ ቱቦ

የካርቦን ዘንግ ላለው ሰው ከሁሉ የሚሻለው ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ የሚገኝ ፒቪሲ ቱቦ ነው። ርዝመቱ ከዘንጉ ረጅሙ ክፍል በአሥር ሴንቲ ሜትር ይብለጥ፤ ሁለቱም ጫፍ ላይ ስፖንጅ ይጎዝጉዙበት። ስፋቱን ከመግዛትዎ በፊት ትልቁ የክር ቀለበት ያለ ግፊት መግባቱን በእጅዎ ይፈትሹ። ማጠንጠኛው ተፈትቶ ለብቻው በካልሲ ይሄዳል፤ እርሳስ ግን በምንም ምክንያት በዚህ ቱቦ ውስጥ አይገባም። እርሳስ ያለበት ቱቦ ውስጥ የገባ ዘንግ ያለ ቱቦ ቢሄድ ይሻለው ነበር።

ደረጃ 8፦ መጫን

በግል መኪና፦ ዘንጉን መጨረሻ ይጫኑ፣ መጀመሪያ ያውርዱ። እጀታው ወደ ኋላው በር፣ ጫፉ ወደ ፊት ይሁን፤ የኋላውን ኮፈን ወይም በር ከመዝጋትዎ በፊት በእጅዎ ጠርዙን ዳብሰው ያረጋግጡ። የብዙ ዘንግ ጫፍ የሚሰበረው በዓሣ ሳይሆን በበር ነው። ጫፉን በመስኮት አውጥተው አይንዱ።

በሚኒባስና በአውቶቡስ፦ መንጠቆ ሁሉ መፈታቱን ረዳቱ ዕቃውን ከመንካቱ በፊት ያረጋግጡ። ሰውየው ስለማያውቅ ዘንጉን እንደ ማገዶ እንጨት ያነሣዋል፤ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። ፖርቶመጋላ ላይ የሚጫን ከሆነ ቱቦው ከጆንያና ከሻንጣ በላይ ይሁን፤ ገመዱ ቱቦው ላይ እንጂ በባዶ ዘንግ ላይ አይጠብቅ። የመንጠቆውንና የእርሳሱን ዕቃ ጣሪያ ላይ አይስቀሉ፤ ከእግርዎ ሥር ያድርጉት።

በሞተር ሳይክልና በባጃጅ፦ ዘንጉ ከሰውነትዎ ጋር በአቀባዊ የታሰረ ይሁን እንጂ አግድም ሆኖ ወደ መንገዱ አይውጣ። ጀርባ ላይ በሚታዘል ቦርሳ የሚይዙት ከሆነ ከራስዎ በላይ የሚወጣውን ርዝመት ይለኩ።

በእግር ሲሄዱ፦ እጀታውን ወደ ፊት፣ ጫፉን ወደ ኋላ አድርገው ይያዙ፤ በቁጥቋጦ መሐል ጫፉ ከፊት ከሄደ ቅርንጫፍ ላይ ተሰክቶ ይሰበራል። የተዘረጋ ዘንግ ይዘው በኤሌክትሪክ መስመር ሥር አይለፉ፤ ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦውን ሳይነካም በጣም ከቀረበ አደጋ አለው። ዝናብ ከነጎድጓድ ጋር ከመጣም መሬት ላይ አስተኝተውት ይራቁ።

በአውሮፕላን፦ ከውጭ አገር ለዘመድ ዘንግ የሚያመጡ ሰዎች መንጠቆውን በእጅ ሻንጣ ይዘው ፍተሻ ላይ ይቸገራሉ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት አስተዳደር ትላልቅ መንጠቆዎች ተሸፍነውና በደንብ ተጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ እንዲገቡ ይጠይቃል። ትናንሾቹንም አብረው ቢያስገቡ ከክርክር ይድናሉ። የዘንጉን ርዝመት በተመለከተ አየር መንገዱን ትኬት ሲቆርጡ ይጠይቁ።

መንጠቆው ቢያዝ

ልብስ ወይም የወንበር ጨርቅ ላይ ከተሰካ አይጎትቱት፤ ጥርሱ ይዞ ይቀድደዋል። ጨርቁን ከሥሩ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ጫፉን ወደ ፊት ይግፉትና እስኪወጣ ድረስ ያሳልፉት፤ የወጣውን ጥርስ በፒንሳ ጨፍልቀው ወይም ቆርጠው መንጠቆውን በመጣበት ይመልሱት።

ሰው ላይ ከተሰካ በቅድሚያ ክሩን ይቁረጡ፤ መኪና ውስጥ ከሆኑ መኪናው ይቁም። መንጠቆው ዓይን ውስጥ ወይም ከዓይን አጠገብ፣ ፊት፣ አንገት፣ መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ ወይም በጥልቀት ከገባ ለማውጣት አይሞክሩ። የዓይን ከሆነ ሳይጫኑ በንጹሕ ኩባያ ጋርደው ኩባያውን በፕላስተር ይያዙትና በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

ጣት ወይም ክንድ ላይ፣ ቆዳ ሥር ብቻ የገባ ባለ አንድ ጫፍ መንጠቆ ከሆነና ጤና ጣቢያው ሩቅ ከሆነ ጠንካራ ክር እጥፍ አድርገው በእጥፋቱ ላይ፣ ከቆዳው አጠገብ ያዙሩት። በሌላ እጅ ጣት የአገዳውን ጫፍ፣ ማለትም ክር የሚታሰርበትን በኩል፣ ወደ ቆዳው ተጭነው ያስተኙት፤ ይህ ጥርሱን ከያዘው ሥጋ ያላቅቀዋል። ጫናውን ሳይለቁ ክሩን መንጠቆው በገባበት አቅጣጫ ወደ ኋላ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ አድርገው በአንድ ጊዜ ፈጠን ብለው ይሳቡ። መንጠቆው ተስፈንጥሮ ስለሚወጣ በዚያ በኩል ሰው አይቁም። አንዴ ሞክረው ካልወጣ ይተውት፤ እንደተሰካ በጨርቅ ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ከወጣም በኋላ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡት፤ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ክትባት ባለሙያ ያማክሩ።

ሲደርሱ የሚፈትሹት

ከመገጣጠምዎ በፊት ዘንጉን ከታች እስከ ላይ በጥፍርዎ ይዳስሱት። ጥፍር የሚይዝ ንቃቃት ወይም ከዚህ በፊት ያልነበረ ነጭ ነጥብ ካገኙ ሁለቱን እጆችዎን ከቦታው ግራና ቀኝ አድርገው በትንሹ ጎበጥ ያድርጉት፤ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ከሰሙ በዚያ ቀን በዚያ ዘንግ አያጥምዱ። ጥጥ በክር ቀለበቶቹ ውስጥ አዙረው ያሳልፉ፤ ጥጡ ከተቦጨቀ ቀለበቱ ተሸርፏል። ከመንጠቆው በላይ ያለውን አንድ ሜትር ክር በሁለት ጣት መሐል ይሳቡት፤ ሸካራ ከሆነ ቆርጠው ይጣሉትና እንደገና ይሰሩት።

ሲመለሱ ደግሞ ሌላ ሰው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት ክዳኑ ላይ የለጠፉትን ቁጥር ያንብቡና መንጠቆዎቹን ይቁጠሩ። ስምንት ወጥተው የተመለሱት ሰባት ከሆኑና አንዱን ድንጋይ ውስጥ እንዳልተዉት እርግጠኛ ከሆኑ የወንበሩን ጨርቅና ምንጣፉን በእጅዎ አይዳብሱ። ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት በስስ ፌስታል ጠቅልለው ወለሉንና የወንበሩን ስፌት በቀስታ ያሹት፤ ማግኔት የማይስበው ዓይነት መንጠቆ ከሆነ መብራት አጥፍተው የስልክዎን ባትሪ ከወለሉ ጋር አግድም ያብሩት፤ ትንሿ መንጠቆ እንኳ ረጅም ጥላ ትጥላለች።